ያለ ማህፀን ተወልዳ የወለደችው ስዊድናዊት

ሐኪሞቹ ሲነግሯት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ማህፀን የለሽም፣ አርግዘሽ አትወልጂም አሏት። ያኔ እጅግ እንዳዘነች ኋላ ለጋዜጠኞች ተናግራለች። ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ። በሴፕቴምበር 2014 ይህችው ሴት 1,775 ግራም የሚመዝን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ያደገበት ማህፀን ከሌላ ሴት የመጣ ነበር። በተተከለ ማህፀን ውስጥ አድጎ በሕይወት የተወለደ በዓለም የመጀመሪያው ሕፃን እሱ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ወሬው ያኔ ዓለምን አዳርሷል። ብዙው ዜና ስለ ቀዶ ጥገናው ነበር። እኔን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ግን ሐኪሞቹ ሥራውን ከየት እንደጀመሩ ነው። የጀመሩት ካላት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለአንዲት ልጅ ሲነገር የጎደለው ጎልቶ ይወጣል፣ ያለው ይረሳል። ስለዚህ እስቲ ያላትን እየቆጠርን እንሂድ።

ምን ጎደለ? ምን አለ?

ሁኔታው ሮኪታንስኪ ይባላል። ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፦ ሜየር፣ ሮኪታንስኪ፣ ኩስተር፣ ሃውዘር ሲንድረም። ባጭሩ ኤምአርኬኤች ይሉታል። በ1829፣ በ1838፣ በ1910 እና በ1961 ስለ ጉዳዩ የጻፉ የአራት ሐኪሞች ስም ነው ተደርድሮ ያለው። ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ሴት ልጆች አንዷ እንዲህ ሆና እንደምትወለድ ይገመታል። ብርቅ ነው ይባላል። ግን በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻ ስንት ሴቶች እንደሚሆኑ አስቡት።

ነገሩ የሚጀምረው በእናት ሆድ ውስጥ ነው። ሴት ጽንስ ገና በጥቂት ሳምንቷ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሏት። ሙለሪያን ይባላሉ። የላይኛው ጫፋቸው ግራና ቀኝ እንደሆነ ቀርቶ የማህፀን ቱቦ ይሆናል። ታችኛው ተገጣጥሞ ማህፀንን፣ የማህፀን በርንና የቫጂናን የላይኛውን ክፍል ይሠራል። በሮኪታንስኪ ይህ ሥራ ሳያልቅ ይቆማል። እናትየዋ ባጠፋችው ነገር የመጣ አይደለም። ይህን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። እናቶች መጀመሪያ የሚወቅሱት ራሳቸውን ነውና።

አሁን ያለውን እንይ። እንቁላል የሚያፈሩት ኦቫሪዎች ከእነዚያ ቱቦዎች አይመጡም። ስለዚህ አሉ፣ ይሠራሉም። እንቁላል አለ። የሴት ሆርሞን አለ። ጡት በጊዜው ያጎጠጉጣል። ክሮሞዞሙ የሴት ነው፣ ኤክስኤክስ። የብልቷ ውጫዊ ክፍል እንደማንኛዋም ሴት ነው። ከውስጥ ግን ቫጂናው አጭር ነው። አንዳንዴ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ብቻ ይሆናል። አዋላጇም እናቷም ቢያዩ ምንም አይለዩም። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው የወር አበባ ሲቀር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩላሊትና እነዚያ ቱቦዎች በጽንሱ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚሠሩትም በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሮኪታንስኪ ካለባቸው ሴቶች አንዳንዶቹ ያላቸው ኩላሊት አንድ ብቻ ነው። አከርካሪያቸው ላይ ችግር ያለባቸውም አሉ። የኛዋ ስዊድናዊትም ባለ አንድ ኩላሊት ናት። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሳያዩ መቁረጥ

አንዲት ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች መመርመር አለባት። ብዙ ቤት ግን ጉዳዩ በዝምታ ነው የሚያልፈው። «ይመጣል፣ ጠብቂ» ትባላለች። ከዝምታው የማይተናነስ ሌላ አደጋም አለ፤ እሱም በችኮላ መቁረጥ ነው።

ልዩነቱን ላስረዳ። የድንግልና ስስ ሽፋኗ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ልጅ አለች። የእሷ ማህፀን አለ፣ በየወሩም ይደማል። ደሙ ግን መውጫ የለውም። በየወሩ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። እሷን በትንሽ ቀዶ ጥገና ከፍቶ ማዳን ይቻላል። መዘግየትም የለበትም። ሮኪታንስኪ ያለባት ልጅም ላይ ላዩን ስትታይ የተዘጋች ልትመስል ትችላለች። ከጀርባው ግን የሚከፈት ነገር የለም። በደንብ ሳይመረምሩ ስለት ካነሱ የሚተርፋት ጠባሳ ነው። ያ ጠባሳ ደግሞ ኋላ የሚመጣውን ሕክምና ሁሉ ያከብደዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይታያል። ነገሩ ካልጠራ ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል፣ ይነሳል። የሆርሞንና የክሮሞዞም ምርመራም ይደረጋል። ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ተመሳሳይ ሆኖ፣ ክሮሞዞሙ ግን ኤክስዋይ የሆነና ሆድ ውስጥ የወንድ የዘር ፍሬ ያለበት ሌላ ሁኔታ አለ። የእሱ አያያዝ የተለየ ነው። ኩላሊትም አብሮ ይታያል።

ብዙ የማይወራለት ሕክምና

ወደ ንቅለ ተከላው ከመሄዳችን በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለአብዛኞቹ የሮኪታንስኪ ሴቶች ዋናው ሕክምና ማህፀን መትከል አይደለም። አጭሩን ቫጂና ማስረዘም ነው። ይህም ለግንኙነት፣ ለትዳር፣ ሴቷ ስለ ራሷ ላላት ስሜት ነው። አሳፋሪ ነው ተብሎ ይመስለኛል ብዙ አይወራለትም።

የሚገርመው፣ በመጀመሪያ የሚመከረው መንገድ ቀዶ ጥገና አይደለም። ሴቷ ራሷ፣ በቤቷ፣ ለስላሳ ጣት መሰል ማስፊያ እየተጠቀመች በየቀኑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቦታውን በቀስታ ትገፋዋለች። ከትንሹ ጀምራ ወደ ትልቁ ትሄዳለች። ሥጋ ይለጠጣልና በወራት ውስጥ ቦታው ይረዝማል። በአግባቡ ከተሠራበት ከ10 ሴቶች ለ9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ይሳካል። ዘዴው ከ1938 ጀምሮ ይታወቃል። ዋጋው ትንሽ ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት፣ ገላጣ ያልሆነ ቦታና የምታማክራት ሰው ነው።

ይህ ካልሆነ ቀዶ ጥገና አለ። አንዱ መንገድ ከጭን ወይም ከመቀመጫ ላይ ቆዳ ወስዶ፣ በተከፈተው ቦታ ውስጥ ማልበስ ነው። ሌላው የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ወደ ታች መሳብ ነው። ከአንጀት ቁራጭ ወስዶ መሥራትም አለ። የወይራ ፍሬ የምታህል ዶቃ ቦታው ላይ አስቀምጦ፣ ክሩን በሆድ በኩል አውጥቶ፣ ለሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ወደ ላይ መሳብም አለ። ሁሉም ይሠራሉ። ግን ቆዳ የተተከለላት ሴት ከቀዶ ጥገናው በኋላም ለረጅም ጊዜ ማስፊያውን መጠቀም አለባት። አለበለዚያ ይጠባል። «አንዴ ቀደው ይገላግሉኝ» የሚባል ነገር የለም።

ሰዓቱን የምትመርጠው ደግሞ ልጅቷ ናት። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። ጉዳዩ የሕይወትና የሞት አይደለም። ሠርግ ስለደረሰ፣ ወላጅ ስለተጨነቀ፣ ሐኪሙ ስለተመቸው የሚደረግ አይደለም። በ15 ዓመቷ አልፈልግም ካለች ይቆያል። በ20 ዓመቷ ስትፈልግ ይደረጋል።

ጥያቄውን ያመጣችው ታካሚ ናት

ፕሮፌሰር ማትስ ብራንስትሮም ስዊድናዊ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው። በ1998 አውስትራሊያ ሳሉ፣ የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አንዲት ወጣት ማህፀኗ መውጣት እንዳለበት አስረዷት። እሷም፣ ታዲያ የእናቴን ወይም የእህቴን ማህፀን ለምን አትተክሉልኝም ብላ ጠየቀቻቸው። ጥያቄው መጀመሪያ ከእውነት የራቀ መሰላቸው። ግን አልለቀቃቸውም።

በ1999 በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥናቱን ጀመሩ። አይጥ፣ አሳማ፣ በግ፣ ዝንጀሮ ላይ እየሞከሩ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድመው የሞከሩ ነበሩ። በ2000 ጅዳ ውስጥ የ26 ዓመት ሴት የ46 ዓመት ሴት ማህፀን ተተክሎላት ነበር። ማህፀኑ ሁለት ጊዜ የወር አበባ አሳየ። ከዚያ የደም ሥሩ ውስጥ ደም ረጋ። በ99ኛው ቀን መልሰው አወጡት። በ2011 ደግሞ በቱርክ አንታሊያ ሮኪታንስኪ ላለባት ሴት ከሞተች ለጋሽ ማህፀን ተተከለላት። ሰውነቷ ማህፀኑን ተቀብሎ ቆየ። ልጅ ግን ቶሎ አልመጣም።

የማህፀን ንቅለ ተከላ ከባዱ ነገር የደም ሥሩ ነው። ደም ወሳጆቹ ቀጭን ናቸው፣ መላሾቹ ደግሞ ስስና የተወሳሰቡ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ከማህፀን ደም ወሳጅ ሥር ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። ማህፀን በበሽታ ምክንያት ሲወጣ ደም ሥሩ ማህፀኑ ጥግ ላይ ይቆረጣል፣ ያልቃል። ለሌላ ሰው ሊተከል ሲፈለግ ግን ረጅም ደም ሥር አብሮ መውጣት አለበት። የሽንት ቱቦውን ሳይነኩ ያን መፈልቀቅ ሰዓታት ይፈጃል። ጎተንበርግ ላይ የለጋሾቹ ቀዶ ጥገና ከ10 እስከ 13 ሰዓት የወሰደው ለዚህ ነው። የተቀባዮቹ ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነበር።

የስልሳ አንድ ዓመቷ ወዳጅ

አሁን ወደ ሴትየዋ እንመለስ። ስለ ጥናቱ ስትሰማ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች፣ የትዳር አጋርም ነበራት። በስዊድን የጤና ተቋማት ሌላ ሴት አርግዛ እንድትወልድላቸው ማድረግ አይፈቀድም። ብራንስትሮም ምንም ዋስትና የለም ብለው ነገሯቸው። እነሱም አውቀው ገቡበት።

መጀመሪያ ማህፀኔን ልስጥ ያሉት እናቷ ነበሩ። ምርመራው አልተስማማም። ከዚያ አንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ተነሱ። ዕድሜያቸው 61 ነው። ሁለት ጊዜ ወልደዋል። ካረጡም ዓመታት አልፈዋል። ያረጠች ሴት ማህፀን እንዴት ሌላ ልጅ ይይዛል ትሉ ይሆናል። ማህፀን የሚታዘዘው ለሆርሞን ነው። የሚያረጁት ኦቫሪዎቹ ናቸው። ወጣት ኦቫሪ ያላት ሴት ውስጥ ሲገባ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ወጣት ኦቫሪ ደግሞ ይህቺ ሴት ነበራት። ያላትን እንቁጠር ያልኩት ለዚህ ነው።

ንቅለ ተከላው ከመደረጉ በፊት እንቁላሏ ተወሰደ። በባሏ ዘር በላብራቶሪ ተዳቅሎ 11 ጽንስ ተገኘና በበረዶ ተቀመጠ። አስቀድመው ይህን ያደረጉት በምክንያት ነው። የማህፀን ቱቦ አብሮ አይተከልም። ስለዚህ እንቁላል በራሱ ወርዶ ማህፀን ውስጥ ሊገባ አይችልም። በላብራቶሪ ጽንስ ካልተገኘ ደግሞ ያን ሁሉ ቀዶ ጥገና ማድረግ ከንቱ ነው።

በ2013 ጎተንበርግ በሚገኘው ሳልግሬንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቀዶ ጥገናው ተደረገ። የማህፀኑ ደም ሥሮች ወደ እግር ከሚወርዱት ትላልቅ ደም ሥሮች ጋር ተገናኙ። ማህፀኑ በታች በኩል ከቫጂናዋ ጋር ተሰፋ።

በ43ኛው ቀን የወር አበባ አየች። በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው። ለሌላ ሴት ተራ ነገር ነው፣ አንዳንዴም ሸክም። እሷ ግን ከ15 ዓመቷ ጀምሮ አይመጣም የተባለችውን ነበር ያየችው። ከዚያ በኋላ ከ26 እስከ 36 ቀን ባለው ልዩነት እየተመላለሰ መጣ።

መድኃኒቱስ? ሰውነት የሌላ ሰው ሥጋ ሲገባበት ያውቃል፣ ይዋጋዋል። ስለዚህ የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች ትወስድ ነበር። በእርግዝናውም ወቅት አላቋረጠችም። ከማህፀን በር ላይ ትንሽ ቅንጣት እየተወሰደ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሰውነቷ ማህፀኑን መግፋት መጀመሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሦስት ጊዜ ቀላል የመግፋት ምልክት ታየ። ከሦስቱ አንዱ አርግዛ ሳለች ነው። ሦስቱም ጊዜ ስቴሮይድ በሚባል መድኃኒት ተመለሰ። ያን ጊዜ ምን ያህል ሌሊት ሳትተኛ እንዳደረች መገመት አያቅትም።

ንቅለ ተከላው ዓመት ሲሞላው ከጽንሶቹ አንዱ ብቻ ማህፀኗ ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ብቻ፣ ምክንያቱም መንታ ለተተከለ ማህፀን ከባድ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእርግዝና ምርመራ አደረገች። አርግዛለች። በመጀመሪያው ሙከራ።

31 ሳምንት ከ5 ቀን

እርግዝናው በደህና ሄደ። የጽንሱ ዕድገትና የደም ዝውውሩ እየታየ ጤነኛ ነበር። 31 ሳምንት ከ5 ቀን ሲሆናት ግን ፕሪኤክላምፕሲያ ይዟት ሆስፒታል ገባች። እኛ የእርግዝና ደም ግፊት የምንለው ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ አንዱ ኩላሊት እዚህ ይመጣል። ባለ አንድ ኩላሊት ሴት ስታረግዝ ለዚህ ችግር የበለጠ ትጋለጣለች። የምትወስዳቸው መድኃኒቶችም ደም ግፊት ሊያመጡና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ማህፀኑም የ61 ዓመት ሴት ነው። የትኛው እንዳመጣው ለይቶ መናገር አይቻልም። ምናልባት ሁሉም ተደማምረው ነው።

ከ16 ሰዓት በኋላ የልጁ የልብ ምት መዛባት ጀመረ። ሐኪሞቹ አልጠበቁም። በቀዶ ጥገና አወጡት። እንደዚህ ያለች እናት መጀመሪያም ቢሆን የምትወልደው በቀዶ ጥገና ነው። የማህፀኑ ነርቮች አልተገናኙምና ምጥ ቢመጣ እንኳ እንደሌላ እናት አይሰማትም።

ልጁ ሲወለድ የተሰጠው የአፕጋር ነጥብ 9፣ 9 እና 10 ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህንነት ከ10 የሚለካበት ነጥብ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ቢሆንም ክብደቱ ለሳምንቱ ልክ ነው። እኛ ጋ ቢሆን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምትባልበት ሰዓት ነው። እዚያ ደግሞ በኦክቶበር 2014 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ሙሉ ታሪኩን አወጣው።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። በአማርኛ ወንድማማቾችን «በአንድ ማህፀን ያደሩ» እንላለን። ይህ ሕፃን የ61 ዓመቷ ወዳጅ ልጆች ባደሩበት ማህፀን ነው ያደረው። በደም አይገናኙም። በዓመት በጣም ይራራቃሉ። ምን ብለን እንደምንጠራቸው ቋንቋችን ገና ቃል የለውም።

ያልተሳካላቸውም አሉ

የጎተንበርግ ጥናት የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሴፕቴምበር 2012 እስከ አፕሪል 2013 ዘጠኝ ሴቶች ማህፀን ተተክሎላቸዋል። ስምንቱ ሮኪታንስኪ ያለባቸው ናቸው። ዘጠነኛዋ በካንሰር ማህፀኗ የወጣ ናት። ለጋሾቹ ሁሉም በሕይወት ያሉ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም የተቀባዮቹ እናቶች። ከዘጠኙ የሁለቱ ማህፀን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመልሶ ወጣ። አንዱ ደም ስለረጋበት፣ ሌላው ኢንፌክሽን ስለያዘው። እነዚያን ሁለት ሴቶች ዜናው ብዙም አላነሳቸውም። ሌላ ሴት ለአሥር ሰዓት ተኝታ የሰጠቻትን ማህፀን ያጣች ሴት ምን ተሰምቷት ይሆን?

ከለጋሾቹ አንዷ ደግሞ ፊስቱላ ይዟቸው ነበር። ከሽንት ቱቦው ወደ ቫጂና የሚያፈስ ቀዳዳ ማለት ነው። በሌላ ቀዶ ጥገና ተስተካከለላቸው። ፊስቱላ የሚለውን ቃል የኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በከበደ ምጥ የሚመጣ ነው የምናውቀው። በዓለም አንደኛ ከሚባል የቀዶ ጥገና ክፍልም ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ ጥሩ ነው።

በኔ አመለካከት ከባዱ ጥያቄ ያለው ለጋሿ ላይ ነው። ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ሕይወት ያድናል። ማህፀን የምትሰጥ ሴት ሕይወት አታድንም። ጤነኛ ሆና ገብታ ለረጅም ሰዓት ቀዶ ጥገና ትተኛለች። እናት ደግሞ ለልጇ እምቢ ማለት ይቸግራታል። ስለዚህ ለጋሿን ብቻዋን ቁጭ አድርጎ፣ ልጇ በሌለችበት፣ በእውነት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ከሞተች ለጋሽ መውሰድ ይህን ጥያቄ ያቀለዋል። በዲሴምበር 2017 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ፣ ሮኪታንስኪ ያለባት የ32 ዓመት ሴት ከሞተች ለጋሽ በተወሰደ ማህፀን ሴት ልጅ ወልዳለች። በዓለም የመጀመሪያው ነው።

የተተከለው ማህፀን ለዘላለም አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ልጅ ከተወለደ በኋላ ይወጣል። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ መውሰድ ለኩላሊትም ለሌላም አካል አደጋ ስላለው ነው። ማህፀኑ ሲወጣ መድኃኒቱ ይቆማል። በውሰት እንደመጣ እንግዳ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ተስፋፍቷል። አሜሪካ ዳላስ ላይ 20 ሴቶች ተተክሎላቸው በ14ቱ ማህፀኑ ተሳክቶ ቆየ፤ አሥራ አራቱም ቢያንስ አንድ ልጅ ወልደዋል። ይህ በ2024 ታትሟል። በ2025 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ሮኪታንስኪ ያለባት ሴት እህቷ በሰጠቻት ማህፀን ወልዳለች።

እኛስ? ኢትዮጵያ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2015 ነው። ማህፀን ገና ሩቅ ነው። የሕይወት አድን ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ባለበት አገር ቀዳሚው ይህ ይሁንም አልልም። ግን ከዚህ ታሪክ ብዙው ሩቅ አይደለም። አልትራሳውንድ ሩቅ አይደለም። ማስፊያው ሩቅ አይደለም። ጉዲፈቻ ከጥንት ያለን ነገር ነው። ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ በር ዘግቶ፣ ተቀምጦ፣ «ማህፀን የለሽም፤ ኦቫሪ ግን አለሽ፣ እንቁላል አለሽ፣ ሴት ነሽ፣ ትዳርም ፍቅርም ይኖርሻል» ብሎ ሁለቱንም ወገን መንገር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። መካን የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፍ ማውጣት አያስፈልግም። የእንቁላሏ ጉዳይ ቢታይ መካን አይደለችም።

ስዊድናውያኑ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። የሕፃኑ አባት ያኔ ለጋዜጠኞች የተናገረው አለ። ልጁ ከሌላ ልጅ ምንም አይለይም፤ የሚያወራው ጥሩ ታሪክ ግን ይኖረዋል አለ። አንድ ቀን የድሮ ጋዜጦቹን አውጥቶ እንዴት እንደተወለደ ያነባል፣ በዓለም የመጀመሪያው እሱ እንደሆነም ያውቃል።